ላልነበረ ግሪሳ ስለሚቃጠል ተራራ

ለክቡር ጓድ ደምሰው ይልቃል፣
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የግሪሳ ወፍ ማጥፊያ ዘመቻ አስተባባሪ፣ የኅብረት ሱቁ የበላይ ተቆጣጣሪና የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ፤
ባሉበት።

ነፋስ ስልክ፣ ግንቦት 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ውዳሴ፣ መላው ቤተሰብዎና በቅርቡ የተሸለሙት ራዲዮ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ ለጤናዎ ያለኝን የማያቋርጥ ሐሳብ በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። የእኔን ጤና ቢጠይቁኝ ከስኳር በሽታዬ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም ቢሆን ባለፈው ወር የስኳር ራሽኔን ስለከለከሉልኝ ሐኪሞቹ በስድስት ዓመት ያላደረጉልኝን እርስዎ በአንድ ፊርማ አድርገውልኛልና ውለታዎ አለብኝ። ባለቤቴ ወርቅዬ ግን ስኳር በሽታ ስለሌለባት ለጊዜው በምስጋናው አልተባበረችኝም።

የምጽፍልዎት ከጎፋ መውረጃ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምኖረው ጡረተኛው ታይፒስት አስረስ መዝገቡ ነኝ። ያውቁኛል፤ የቀበሌውን ቃለ ጉባኤና ሪፖርት ያለ አንዳች ክፍያ ታይፕ ስመታልዎ አራት ዓመት አልፎኛል። ይህን ደብዳቤ በካርቦን አምስት ቅጂ መትቼ አንዱን ለእርስዎ ልኬ፣ የቀሩትን በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ፣ በኅብረት ሱቁ በር፣ በወፍጮ ቤቱና በአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ድፍረት ሆኖ እንዳይቆጠርብኝ አደራ። በየስብሰባው ሂስና ግለሂስ የማያደርግ ሰው ከአብዮቱ ጎን አልቆመም ሲሉ ስለምሰማ፣ እኔም በስተርጅናዬ እስቲ አንድ ጊዜ ከጎኑ ልቁም ብዬ ነው። ግለሂሴ ከሂሴ ስለሚብስ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ጉዳዬ አንድ ነው። በፊታችን እሁድ ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ እያንዳንዱ አባወራ ግማሽ ሊትር ላምባና አንድ ክብሪት ይዞ ከላፍቶ በላይ ባለው ቱሉ ጎጋ ላይ እንዲገኝና የተራራው ቁጥቋጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲቃጠል ያስተላለፉትን ትእዛዝ እንዲሰርዙ መለመን ነው። ሌላው ሁሉ ማስረጃ ነው። በነገራችን ላይ፣ ወጥ ለመሥራት ሦስት ወር ፈልገን ያጣነው ላምባ ለተራራ ማቃጠያ ሲሆን በበርሜል መምጣቱን ሳላደንቅ ባልፍ ምቀኛ እባላለሁ።

ቱሉ ጎጋ በኦሮምኛ ደረቅ ተራራ እንደማለት ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልዋሹም። ተያይዘው ወደ ደቡብ የሚወርዱ ሦስት ተራሮች ሲሆኑ አፈሩ ከላያቸው ከታጠበ ዘመን የለውም። በበጋ ድንጋዩ በጫማ ውስጥ እግር ያቃጥላል፣ ነፋሱ ዓይን ውስጥ አቧራ ይሞላል፣ ውኃ ከተባለም በመካከለኛው ተራራ ከዓለት ሥር ጠብ ጠብ የምትል አንዲት ምንጭ ብቻ ናት። ይሁን እንጂ በየድንጋዩ ስንጥቅ አጋሙ፣ ቀጋው፣ ክትክታው፣ ቁልቋሉ፣ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ወይራ ችክ ብለው ኖረዋል። የሜዳው ዛፍ ሁሉ ለማገዶ ካለቀ ወዲህ በእኛ በኩል ለወፍ የቀረው መጠጊያ ያ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ቆቅና ጅግራ ከክትክታው ሥር፣ ዋኔና ድንቢጥ በአጋሙ እሾህ መካከል ይፈለፍላሉ፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጥንብ አንሳው ይሰፍራል። ሐኪሜ በእግርህ ሂድ ካለኝ ጊዜ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወጥቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጽሕፈት መኪና ሲንጫጫበት ለኖረ ጆሮ፣ በንጋት ከምንጯ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዋኔ ስትጠራ መስማት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ማስረዳት ይቸግረኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ በቃ። እርስዎ እንኳ አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም መኪናው እስከሚደርስበት ድረስ ወጥተው ስለተመለሱ ባያውቁት አይፈረድብዎትም።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት ወር መግቢያ ከላይ በመጣ አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተጻፈው ማሽላ በሚዘራባቸው ቆላ ወረዳዎች ላሉ የገበሬ ማኅበራት ነበር። ግሪሳ መንጋ ሆኖ እየወረደ የገበሬውን እህል ከአገዳው ላይ ስለሚጨርሰው ጎጆው በያለበት ተፈልጎ ይጥፋ ይላል፤ ለቆላው ሰው እውነት ነው፣ ግሪሳ የወረደበት ያውቀዋል። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ግልባጩ ነው። ከግርጌው ለመረጃ እንዲሆን የሚል ቃል ነበረበት፤ ፊትዎ ቆሜ ያነበብኩልዎትም እኔው ራሴ ነኝ። ግልባጭ እወቁት ማለት እንጂ ፈጽሙት ማለት እንዳልሆነ፣ በሥራ ዘመኔ የግልባጭ ክምር ያስተላለፍኩ ሰው እንደመሆኔ በትሕትና ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። እርስዎ ግን ከላይ የሚመጣ ወረቀት ለመረጃ ብቻ አይመጣም፣ እንዲህ የጻፉት ቆራጥነታችንን ሊፈትኑ ነው ብለው ወሰኑ። ነፋስ ስልክ ውስጥ ማሽላ የት አለ ብዬ ብጠይቅዎ፣ ማሽላው ባይኖርም ወፉ አለ ብለው መለሱልኝ። ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ የሚባለው ለዚህ መሰለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ሞኙ እኔ መሆኔ ገብቶኛል፣ ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ በእርስዎ እጅ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ኮታው ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ አራት የግሪሳ ጎጆ እስከ ሚያዝያ 20 እንዲያስረክብ፣ ያላስረከበም ከኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና እንዳያገኝ አዘዙ። ለዚህ በእውነት አመሰግንዎታለሁ፤ ለሃያ ዓመት መሬት መሬቱን ብቻ እያዩ የኖሩት ጎረቤቶቼ ቀና ብለው ሰማይ ማየት ጀመሩ። የፋብሪካው ሠራተኛ ከፈረቃው ሲወጣ መሰላል ይዞ ጣሪያ ለጣሪያ ይዞር ነበር። ሻይ ቤት ያለው ሰዒድ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ሦስት ዓመት አብረውት የኖሩትን ድንቢጦች ጎጆ ከነጫጩቶቹ አውርዶ ካስረከበ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ደንበኞቹን ቀና ብሎ አላያቸውም። አልፈርድበትም፣ ስኳር የሌለው ሻይ ቤት ቤት አይደለም። ከቱሉ ጎጋ በመጀመሪያው ሳምንት ሃምሳ ሦስት ጎጆ ወረደ፤ ግማሹ እንቁላል ነበረበት። ተረካቢ ኮሚቴዎ እንቁላሉን ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ ስላላወቀ ከደጅ አስቀመጠው፤ ውሻ በላው። ከሃምሳ ሦስቱ ውስጥ ግሪሳ የሚባል ወፍ የሠራው አንድም አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ግለሂሴ እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት በአካባቢያችን ጎጆ አለቀ፣ ኮታው ግን አላለቀም። ጎረቤቴ ሐሚዳ ከስልጤ አገር የመጣች፣ በስፌት እጇ የተመሰገነች ሴት ናት። ቤቷ ስድስት ነፍስ ስላለ ሃያ አራት ጎጆ ነበረባት። ለሁለት ቀን ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰችና፣ ሰው እስከ መቼ ይለፋል ብላ ስንደዶና አክርማዋን አውጥታ ቁጭ አለች፤ ቡጢ የምታህል፣ ድቡልቡል፣ በጎኗ ቀዳዳ ያላት ጎጆ ሰፋች። አምጥታ አሳየችኝና የግሪሳ ትመስላለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግሪሳ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ እርስዎም እንዳላዩ ግን አውቃለሁና፣ ትመስላለች አልኳት።

ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰው። በአሥር ቀን ውስጥ ከጎፋ እስከ ላፍቶ ሴቱ ሁሉ ጥላ ፈልጎ እግሩን ዘርግቶ ጎጆ ይሰፋ ጀመር። እጇ ስፌት የማያውቅ ከምታውቀው በእንቁላል፣ በጎመን፣ በልብስ አጠባ ለወጠች። ረመዳን ሲገባ ሐሚዳ በጾም አፏ በቀን ስድስት ታወጣ ነበር። ደግሞ የሰፊ ነገር፣ እጇ አላስችል ብሏት የጎጆዎቹን አፍ ዙሪያውን በቀይ ቀለም በተነከረ አለላ ከፈፈችው። ተይ ብላት፣ ሳያምር ከእጄ አይወጣም አለችኝ። ተረካቢ ኮሚቴዎ ይህን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው አዲስ የግሪሳ ዝርያ በቀበሌያችን ተገኝቷል ብሎ መዘገበ። ሪፖርቱን የመታሁት እኔ ነኝ። እየሳቅሁ ነው የመታሁት፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የተሰበሰበ ጎጆ ጠቅላላ ድምር አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተብሎ ወደ ላይ ሄደ። አንድ አገዳ ማሽላ የሌለው ቀበሌያችን ማሽላ የሚያበቅሉትን ወረዳዎች በሙሉ በልጦ አንደኛ ወጣ፤ በሜይ ዴይ በዓል ላይም እርስዎ ራዲዮ ተሸለሙ። እንኳን ደስ ያለዎ ለማለት ከተሰለፉት አንዱ ነበርኩ፣ አጨብጭቤአለሁም። ያላሰብነው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አራት ሺህ ጎጆ የተገኘበት ቀበሌ የግሪሳው ዋና መናኸሪያ በአጠገቡ ቢኖር ነው ተባለ፤ ካርታ ተዘረጋ፤ በካርታው ላይ ቁጥቋጦ ያለው ቱሉ ጎጋ ብቻ ሆነ፤ ይቃጠል ተባለ። ለአንድ ኪሎ ስኳር ብለን የሰፋነው ጎጆ በተራራው ላይ የሞት ፍርድ ሆኖ ዞረበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ሰምቼ፣ ሴትየዋ እኔ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አራተኛ፤ ስለ አቶ በንቲ ዱጉማ ነው። የተራራው ዘበኛ በንቲ ማን እንደሆነ ነዋሪው ያውቃል፤ በጋ ከክረምት አሮጌ የወታደር ካፖርቱን የማያወልቀው፣ ካለ ፈቃዱ አንድ ጭራሮ የማያስነቅለው ሽማግሌ ነው። ያቺ ምንጭ የምታንጠባጥበውን ውኃ ዓለት ስለሚውጠው፣ ከሥሯ ድንጋዩን በመሮ ጠርቦ ሳህን የምታህል ገንዳ ሠርቶላታል፤ ዝናብ በቀረበት በዚህ ዓመት የተራራው ወፍ ሁሉ የጠጣው ከዚያች ሳህን ነው። ማንበብና መጻፍ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቢሆንም፣ ጎጆ የሚቆጥረው ግን በጠጠር ነው፤ ለእያንዳንዱ ጎጆ አንድ ጠጠር በጣሳ ይጥላል፣ ጫጩቱ ሲበር ያወጣዋል። እኔ የዋኔን ድምፅ ከርግብ ድምፅ ለመለየት የበቃሁት በእሱ አስተማሪነት ነው። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፣ አገሩን ያላወቀ ወፉን አያውቀውም ይለኝ ነበር።

የማቃጠሉ ዕቅድ በተነገረበት ስብሰባ ላይ በንቲ እጁን አወጣ። የሱ አማርኛ እንደኔ አያሽሞነሙንም። በወጣትነቱ በአዋሽ ዳር እርሻ ሲሠራ ግሪሳን እንደሚያውቀው፣ ግሪሳ ቆላና ማሽላ ተከትሎ የሚሄድ እንጂ ቱሉ ጎጋ ላይ የሚያድር ወፍ እንዳልሆነ፣ ወሩ የመፈልፈያ ወር ስለሆነ የሚቃጠሉት በእንቁላላቸው ላይ የተቀመጡ እናቶች እንደሆኑ፣ የግድ ከሆነም ሐምሌ ድረስ እንዲታገሡት ተናገረ። እርስዎም የወፍ ጠበቃ፣ የዘመቻ አደናቃፊ ብለው እዚያው አስያዙት። ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። እስር ቤቱ ሞልቷል ተብሎ የተቆለፈበትም ጎጆዎቹ በተከመሩበት መጋዘን ውስጥ ነው።

አሁን የምናገረውን በጥሞና እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። በንቲ በዚያ ስብሰባ ላይ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ለማሳያ የተደረደሩትን ጎጆዎች አይቷል። የሰው እጅ ሥራ መሆናቸውን ለማወቅ እሱ ሁለተኛ ማየት አያስፈልገውም። ያን ቢናገር ተራራውም እሱም ነፃ ይወጡ ነበር፤ ሴቶቹ እንዳይያዙ ብሎ ዋጠው። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። አቀርቅሬ ቃለ ጉባኤ መጻፌን ቀጠልኩ። ትናንት ሐሚዳን፣ ስምሽን በደብዳቤ ልጥራው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ጥራው፣ ያ ሽማግሌ በእኔ ስፌት ላይ ተኝቶ እኔ ምን ብዬ አፈጥራለሁ አለችኝ። የሌሎቹን ስም አልጠራም፤ በእነሱ ምትክ የእኔን ስም ደጋግመው ቢጽፉት ይበቃዎታል።

አምስተኛ፤ የጀሞው ገበሬ ሸምሱ ባለፈው ሳምንት ማሳችን ላይ ተምች ወረደብን ብሎ መጥቶ ነበር። ሌላ ጊዜ ከቱሉ ጎጋ የሚወርዱት ወፎች ትሉን ከበቆሎው ላይ ይለቅሙልን ነበር፣ ዘንድሮ ጎጆአቸው ስለፈረሰ አልመጡም፣ የቀሩትን ደግሞ እሁድ ልታቃጥሏቸው ነው አሉ፣ ኧረ ስለ እህሉ ብላችሁ ተው አለ። በጽሑፍ አምጣ ተባለ። ማመልከቻውን በነፃ ጻፍኩለት፣ ቴምብር ከራሱ ገዝቶ ለጠፈ። እርስዎም ከጥጉ ላይ በቀይ ቀለም ለመረጃ ይቀመጥ ብለው መሩበት። ለመረጃ የመጣውን ወረቀት ፈጸሙት፤ እንዲፈጸም የመጣውን ለመረጃ አስቀመጡት። በአስተዳደር ሥራ እንዲህ ያለ ፍጹምነት አይቼ አላውቅም።

ስድስተኛው ስለ ቀበሌው ድምፅ ማጉያ ነበር፤ ተውኩት።

እንግዲህ ጓድ ሊቀ መንበር፣ እስከዚህ ድረስ ቋንቋዬን ጠብቄአለሁ፤ ከዚህ በኋላ ቢያመልጠኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተናድጃለሁ። አጋም እሾህ ውኃ በሌለው ድንጋይ ላይ ሥር ለመስደድ ከእርስዎም ከእኔም ዕድሜ በላይ ፈጅቶበታል። ለማቃጠሉ ግማሽ ሰዓትና የኅብረት ሱቅ ክብሪት ይበቃል። ይህ አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በቦታው ባሕር ዛፍ እንተክላለን እንዳይሉኝ፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ባሕር ዛፍ ቢተክሉት የሚበቅለው በሪፖርት ላይ ነው፣ ሪፖርቱን የሚመታው ደግሞ ከእንግዲህ እኔ አይደለሁም። ወፎቹ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ ብለው ስብሰባው ላይ ተናግረዋል። የት ነው የሚሄዱት? ከጎፋ እስከ ፉሪ ድረስ አንድ ቁጥቋጦ የቀረበትን ቦታ ቢጠቁሙኝ እኔ ራሴ መንገዱን እያሳየሁ እወስዳቸዋለሁ።

ስለዚህ በሕዝብ ፊት እንዲህ ብዬ አምናለሁ። ከአራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ጎጆዎች ከተራራው የወረደው ሃምሳ ሦስት፣ ከየጣሪያውና ከየጓሮው የተለቀመው ሁለት መቶ ቢሞላ ነው። የቀረው ስፌት ነው። መጋዘኑን ከፍተው ከላይ ያገኙትን አንዱን ጎጆ ቢተረትሩት ከውስጡ ስንደዶ ያገኛሉ፤ አለላ ነክራ ጠርዝ የምታሳምር ወፍ ደግሞ እግዜር አልፈጠረም። ይህንን እያወቅሁ ድምሩን የመታሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ሐሰተኛ ሪፖርት በማዘጋጀት የሚያስጠይቀው ሁሉ በእኔ ላይ ይሁን። ሁለት ሸሚዝና የስኳሬን መድኃኒት በከረጢት አድርጌ ቤቴ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ በር እንዳይሰብሩ፣ አይቆለፍም። በንቲን አውጥተው እኔን በቦታው ያስገቡኝ። የእሁዱን ትእዛዝ ብቻ ይሰርዙት። ውሸቱን የተናገርነው እኛ ነን፤ ተራራው አንድ ቃል አልወጣውም።

ካልሰረዙት ደግሞ፣ እሁድ በስም ጥሪው ሰዓት አስረስ መዝገቡ ብለው ሲጠሩ አቤት የምልዎት ከመካከለኛው ተራራ፣ ከምንጯ አጠገብ ይሆናል። ወርቅዬም አብሬህ እወጣለሁ ብላለች። እግሯን ስለሚያማት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀስ እያልን እንወጣለን፤ እሳቱን ከየት በኩል እንደሚለኩሱት ቀደም ብለው ቢያሳውቁን በመቀመጫ ምርጫ ላይ ይረዳናል።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር ብዬ እንዳልደመድም፣ ሰላምታዬ ዛሬ አብዮታዊ ሳይሆን የተቆጣ ነው። ስለሆነም ለጤናዎ ዕድሜ፣ ለዕቅድዎ መቶ በመቶ፣ ለራዲዮዎ የማያልቅ ባትሪ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለኅሊናዎም መልካም እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ለዘመቻው ስኬት አሥር ጣቶቹን ያዋሰና የተጸጸተው ታዛዥዎ፣
አስረስ መዝገቡ
(ፊርማ)
ጡረተኛ ታይፒስት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፤ በተረካቢ ኮሚቴው መዝገብ ላይ በእርስዎ ቤት በሰባት ነፍስ ስም ሃያ ስምንት ጎጆ ያለ አንዳች ጉድለት ገቢ ሆኗል። ወይዘሮ ውዳሴ ያሳደጋቸውን ሰው የሚያስመሰግኑ ደግ ሴት ናቸውና ይቅርታ እየጠየቅኋቸው ልናገረው፤ ሃያ ስምንቱንም የሰፉት እኔ ቤት፣ ከወርቅዬ ጎን ተቀምጠው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ያለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ በጆንያ ሊወስዷቸው የመጡት እርስዎ ራስዎ ነበሩ። አንዱን አንስተው በብርሃን አገላብጠው ተመለከቱና፣ ቀዳዳው ለወፍ ጠበበ፣ ትንሽ ይስፋ አሉ። ወይዘሮ ውዳሴም ተርትረው አሰፉት። እንግዲህ እሁድ ጠዋት የመጀመሪያዋን ክብሪት የሚጭሩት እርስዎ ነዎት ተብሏልና፣ ቱሉ ጎጋ ላይ ግሪሳ እንደሌለ ከእርስዎ አስቀድሞ ያወቀ ሰው በቀበሌው ውስጥ ብዙ አይገኝም።